በቃሬዛ ላይ የተኛሁት እንቅልፍ

እኔ አንድ ጊዜ ሞቼ ነበር ስል የሚስቅ አለ፤ "አዑዙ ቢላህ" ብሎ የሚሸሽም አለ። ሁለቱንም አልፈርድባቸውም። እኔ ራሴ ሳወራው የሌላ ሴት ወሬ ይመስለኛል። የሆነው ግን እንዲህ ነው።

ዘሀራ እባላለሁ። ቤታችን ከሸዋ ሮቢት ከተማ በላይ ካለው ዳገት ላይ ነው፤ በክረምት መኪና አይደርስበትም። ባለቤቴ ሰይድ ከወንዙ ዳር ከአባቱ የቀረ በመስኖ የሚለማ መሬት አለው። ሽንኩርትና ማሾ እናመርታለን።

ወገቤን የጀመረኝ የመጨረሻ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ነው። ወጌሻ አሸኝ፣ ቅባት ተቀባሁ፣ ዱዓ ተደረገልኝ። አይገድል፣ አይለቅ፣ እንዲያው አብሮኝ ይኖራል። መጀመሪያ ላይ ሰው "እንዴት ሆነልሽ?" ይለኝ ነበር። ሲቆይ ጠያቂውም ሰለቸው፣ እኔም መልሱ ሰለቸኝ። "ደህና ነኝ፣ አልሀምዱሊላህ" እላለሁ፣ ጀሪካኑን አነሳለሁ፣ እሄዳለሁ። ቆማ የምትሄድን ሴት ማን ታመመች ይላታል?

አጣዬ በተቃጠለች ጊዜ የሰይድ ታላቅ ወንድም ጋሼ ሁሴን ሱቃቸው ነዶ፣ ሚስታቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው እኛ ዘንድ መጡ። እማማ ፋጡማ፣ የሁለቱም እናት፣ ቀድሞውንም ከእኛ ጋር ነበሩ። ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤት ነው ያለን። ቢሆንም ሰው ከእሳት ወጥቶ መጥቶ ቤት ጠበበ አይባልም። ወንድማማቾቹ ተቃቅፈው ሲላቀሱ እኔም አለቀስኩ።

ሲቆይ ጋሼ ሁሴን "ከአባቴ መሬት ድርሻዬን ስጠኝ፤ እኔም ልጆች አሉኝ" አሉ። ሰይድ ደግሞ "ለንግድ ብለህ ጥለኸው ስትሄድ ጥሻ ነበር። መንጥሬ ውሃ ያስገባሁበት እኔ ነኝ" አለ። አንቱ ሲላቸው የኖረውን ወንድሙን የዚያን ቀን አንተ አላቸው። ሽማግሌ ተቀመጠ፣ አልሆነም። ከዚያ በኋላ መነጋገር አቆሙ።

አንድ ቤት ውስጥ እያደሩ፣ ከአንድ ገበታ እየበሉ፣ እንዴት አይነጋገሩም ትሉኝ ይሆናል። በእኔ በኩል ነዋ!

ሰይድ ከምግቡ ቀና ሳይል "ዘሀራ፣ ነገ የውሃ ተራ የእኛ ነው፣ ቦዩን ይጥረግ በይው" ይላል። ጋሼ ሁሴን ክንድ በማይሞላ ርቀት ተቀምጠዋል። ሰምተዋል። ግን አልሰሙም። እኔ ዞር ብዬ "ጋሼ፣ ነገ ቦዩን ይጥረጉ ይላል" እላለሁ። እሳቸው "ወገኑ እንጂ ሎሌው አይደለሁም በይው" ይላሉ። እኔ ደግሞ ወደ ሰይድ ዞሬ "እሺ፣ ትንሽ ደክሟቸዋል" እላለሁ። ሁለቱም የመጀመሪያውን ቃል በጆሯቸው ሰምተውታል፤ ቢሆንም የሚቆጠረው እኔ የተናገርኩት ነው። እንዲህ እያለ ሰላም ውሎ ያድራል።

ቀስ በቀስ እማማ ፋጡማም ያዙት። "ለልጄ እንዲህ በይልኝ፣ ለዚያኛው ደግሞ እንዲህ እንዳትይብኝ።" የጋሼ ሁሴን ሚስትም እንደዚያው። ሁሉም በእኔ አፍ ይናገራል። የራሴን ነገር የምናገርበት አፍ አልቀረኝም።

ሌሊት በግራ ጎኔ ስተኛ ወገቤ ይወጋኛል፣ በቀኝ ስዞር እግሬ ድረስ ይወርዳል። ቆላው ይሞቃል፣ ቆርቆሮው ይሞቃል። ቁጭ ብዬ የነገውን ቃል አለሳልሳለሁ። ሰይድ እንዲህ ቢል ምን ብዬ ላቅርበው? ጋሼ እንዲህ ቢሉ የቱን ልጣለው? ሳላስበው ይነጋል። ከጊዜ ብዛት ምንም አይሰማኝም ነበር። ልጄ ሮጣ ስታቅፈኝ እንኳ "ወገቤን" ከማለት ሌላ ቃል አልነበረኝም። ስቄ አላውቅ፣ አልቅሼ አላውቅ። ሰው "ዘሀራ ጨዋ ናት" ይል ነበር።

በዚያ ክረምት አንድ ቀን ጠዋት ጀሪካን ላነሳ ጎንበስ አልኩና ቀረሁ። ጎንበስ እንዳልኩ ቀረሁ ነው የምላችሁ። መቃናት የለም፣ መቀመጥ የለም። በጎኔ ጥለው አስገቡኝ። ጎረቤታችን ሰዓዳ፣ ከሳዑዲ የተመለሰችው፣ ሮጣ መጣች። እሷም እንቅልፍ የላትም፤ ከዚያ ይዛው የመጣችው የእንቅልፍ መድኃኒት አላት።

"አንዷን ዋጪ፣ ያረጋጋሻል" አለችኝ።

አስቀምጣው ስትወጣ ሌላም ጨመርኩ። ስንት እንደሆነ አላውቅም። ለመሞት አልነበረም፤ እንዲያልቅ ብቻ ነበር የፈለግሁት። ምኑ እንዲያልቅ እንደሆነም አላሰብኩትም።

በእኛ አገር ሰው ሲታመም ቃሬዛ ይወጣል። ሁለት ረጃጅም አጠና፣ መሃሉ በገመድ የተወጠረ፣ ላዩ ላይ ብርድ ልብስ። ከየቤቱ አንድ ወንድ ትከሻውን ይዞ ይመጣል፤ ክርስቲያኑም እስላሙም። ከራስጌ በኩል የሚይዘው የቤቱ ዘመድ ነው፣ ወጉ ነው። እናም ሰይድ በቀኝ፣ ጋሼ ሁሴን በግራ ሆነው ከራሴ በላይ ቆሙ። ያን ያህል ተቀራርበው ቆመው ካየኋቸው ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር።

እናቴ የምትኖረው ሸዋ ሮቢት ነው። ከመነሳታችን በፊት ሰይድ ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ ወጥቶ ደወለላትና ባጃጅ ይዛ አስፋልቱ ዳር ልትጠብቀን ተስማሙ። የልብ ሕመም አለባት፤ "አትደንግጪ፣ ወገቧ ብቻ ነው" አላት። ፊቴን ለፀሐይና ለዝንብ በነጠላ ሸፍነው ቁልቁለቱን ጀመርን።

"ዘሀራ" አለ ሰይድ ከላዬ፣ "ቀስ ይበል በይው።"

"ጋሼ፣ ቀስ ይበሉ ይላል" አልኩ ከነጠላው ስር።

"እኔ ቀስ ብያለሁ፣ እሱ ነው የሚጎትተው በይው።"

"አንተም ቀስ በል ይላሉ።"

ከእግርጌ የያዙት ሰዎች ሳቁ። አንዱ "ተሸክመዋትም ያሰሯታል!" አለ። እኔ አልሳቅኩም፣ አልተናደድኩም። አጠናው ይወዛወዛል፣ ገመዱ ሲጥ ሲጥ ይላል። ከዚያ ድምፃቸው እየራቀ ሄደ። ማንም እንድነሳ አይጠብቅም፤ እንደዚያ ስል ትዝ ይለኛል። ተኛሁ።

ቀጥሎ የሆነውን በኋላ ነው የነገሩኝ። መንገዱ ጎርፍ የበላው ቦታ ደረሱ። ሰይድ "ዘሀራ፣ ጉድጓድ አለ፣ ወደ እኔ ይጠጋ በይው" አለ። ዝም። "ዘሀራ! ይጠጋ በይው!" ዝም። ጋሼ ሁሴን ሰምተዋል፣ ጉድጓዱንም አይተዋል፣ ግን አልተጠጉም፤ ቃሉ ገና በእኔ በኩል አልመጣም። እንደዚያ ቆመው ሲጠብቁ፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ደነገጡ። እኔ መልእክት ሳላደርስ የቀረሁበት ቀን አልነበረማ!

አወረዱኝ። ነጠላውን ሲገልጡት አፌ ተከፍቷል፣ እጄ ተንሸራቶ ወደቀ። ቢጠሩኝ የለም፣ ውሃ ቢያፈሱብኝ የለም። የመንደሩ ትልቅ ሰው ሼህ አህመድ የእጄን አንጓ ያዙ። ዶማ ያደነደነው እጅ ነው፣ ምን ይሰማዋል? ንፋሱም ይነፍሳል። ረጅም ጊዜ ይዘው ቆዩና "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አሉ። እማማ ፋጡማ ከኋላ እየተከተሉ ነበርና ጮኹ። አንድ ሰው ከጮኸ ወዲያ ማን የልብ ምት ይቆጥራል? ሁሉም ጮኸ።

የእኛ ሟች አያድርም። ከአሱር ሶላት በፊት እንድቀበር ሁለት ወንዶች መቃብር ሊቆፍሩ ቀድመው ሮጡ። የቀሩት ቃሬዛውን አዙረው ሽቅብ ጀመሩ።

እኔ የነቃሁት በለቅሶው ነው። መጀመሪያ ያሰብኩት "ማን ሞቶ ይሆን?" ብዬ ነው። ከታችኛው መንደር የታመሙ ሽማግሌ ነበሩ፣ እሳቸው መሰሉኝ፤ "ነፍሳቸውን ይማር" አልኩ በልቤ። ከዚያ አንዱ "ጀናዛዋን ቀስ፣ ጀናዛዋን" ሲል ሰማሁ። ሴት ናት ማለት ነው። ቀጥሎ ደሙ ወደ ራሴ መጥቶ ጆሮዬ ሲጮህ እግሬ ከራሴ በላይ መሆኑን አወቅሁ። ሽቅብ እየወጣን ነው። ራሴን ዝቅ አድርገው ነው የያዙኝ። ለሬሳ ራስ ማን ይጨነቃል?

ያን ጊዜ ገባኝ።

ልጩህ ብዬ ነበር። አፌ እሺ አላለኝም። መላ አካሌ እርጥብ ጆንያ ነው፤ መድኃኒቱ ገና አለቀቀኝም። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ትንሽ ቆይቶ ምላሴ ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ። ጣቴም እሺ አለኝ። ያኔ መናገር እችል ነበር። አልተናገርኩም። ወገቤ አልወጋኝም። ማንም "ዘሀራ በይው" አላለኝም። ትንሽ ልቆይ አልኩ።

አንድ ሾላ ስር ለማረፍ አወረዱኝ። ነጠላው ፊቴ ላይ ነው። ከራሴ በላይ ሁለት ሰው ሲቀመጥ ሰማሁ።

"ሰይድ" አሉ ጋሼ ሁሴን።

"አቤት ጋሼ።"

"ደክሞሃል። ከዚህ ወዲያ አንተ ከታች ያዝ፣ ሽቅቡን እኔ ልሳበው።"

"አይ፣ እርስዎ ጉልበትዎን ያምዎታል።"

ይኸው ነው። እንዲህ ቀላል ነበር! በስሙ ጠሩት፣ አቤት አለ፣ አንቱም ተመለሰች። ያን ሁሉ ሌሊት ቁጭ ብዬ ያለሳለስኩትን እነሱ በአንድ ትንፋሽ አደረጉት። ልናደድ ፈለግሁ፤ ንዴቱ አልመጣም። ደስ ልሰኝ ፈለግሁ፤ እሱም አልመጣም። ዝም ብዬ አዳመጥኩ።

"ሌሊት ሌሊት ቁጭ ትል ነበር" አለ ሰይድ። ድምፁ ተቆራረጠ። "አያት ነበር ጋሼ። እሷ የተኛሁ ይመስላታል። እኔም አልተኛም። ምን ልበላት? 'ወገቤን' ብትለኝ ምን አደርግላታለሁ ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ አንኮራፋለሁ።"

ይህን አላውቅም ነበር። ሁለት ሰው በአንድ መኝታ፣ አንዱ ቁጭ ብሎ፣ ሌላው የውሸት እያንኮራፋ! ነጠላው ስር ዓይኔ ሞቀኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ የሆነ ነገር ሲሰማኝ እሱ የመጀመሪያው ነው።

"መሬቱን ውሰደው" አሉ ጋሼ ሁሴን። "አልፈልገውም። ወላሂ አልፈልገውም።"

"አይሆንም። እኩል ነው የምንካፈለው። የአባታችን ነው።"

እማማ ፋጡማ ራቅ ብለው ደረታቸውን እየመቱ ያለቅሳሉ። "ልጆቼን በምላሷ ሰፍታ የያዘችልኝ! አሁን ማን ይሰፋቸዋል?" ይላሉ። እኔ ደግሞ እዚያ ተጋድሜ፣ ልጆችዎ እኮ ተስማሙ እማማ፣ እኔ በመሞቴ ነው የተስማሙት እላለሁ በልቤ። ብነሳስ? ነገ ጠዋት ምግቡ ሲቀርብ "ዘሀራ፣ በይው" ቢሉስ? እንዲህ ነበር ያሰብኩት። ልጆቼን ሳስብ ልቤ ይርዳል፤ ወዲያው ደግሞ ይደነዝዛል። ሾላው ላይ ወፍ ትጮኻለች። መቃብሩ እየተቆፈረ ነው።

ሼህ አህመድ መጡ። "አሱር ሳይደርስ እንፍጠን። ለእናቷ ተነገረ?"

ማንም አልነገራትም ነበር።

"እዚህ ኔትወርክ አለ" አሉ ሼህ አህመድ። "አስፋልት ላይ ቆማ አትጠብቅ፣ ነውር ነው። ንገሯት።"

ሰይድ ስልኩን ሲያወጣ፣ ቁልፎቹን ሲጫን ሰማሁ። የሰይድ ስልክ ወድቃ ከተሰበረች ጀምሮ የምትሠራው በላውድ ስፒከር ብቻ ነው። ጠራች። ደግማ ጠራች። እናቴ እዚያ ታች፣ ከባጃጁ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ አንድ ጆሮው በክር የታሰረ መነጽሯን አድርጋ ስልኳን ከመቀነቷ ስትፈታ ታየችኝ። የአባቴ ሞት በስልክ ነበር የተነገራት። ያኔ ወድቃ ስንት ጊዜ ሆስፒታል ተኛች።

"ሄሎ? ሰይዴ? ደረሳችሁ እንዴ ልጄ?"

ከሰይድ የሰማሁት ትንፋሽ ብቻ ነው።

"ሄሎ? አይሰማኝም!"

"እርስዎ ይንገሯት ጋሼ" አለ ሰይድ በሹክሹክታ። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ሰማሁት።

"እትዬ..." አሉ ጋሼ ሁሴን። "እትዬ፣ ምን መሰለዎት..."

"ማነው? ሁሴን ነህ? ምነው ድምፅህ? ዘሀራስ? ልጄን ምን አገኛት? ሁሴን!"

የእናቴ ድምፅ መውጣት ጀመረ። አውቀዋለሁ ያንን ድምፅ። ከዚያ በላይ ከወጣ አይመለስም።

"እማዬ" አልኩ። ከነጠላው ስር ነው፣ ጉሮሮዬ ደርቋል፣ ግን ወጣ። "አለሁ። መንገዱ ጭቃ ሆኖ ነው። እየመጣን ነው።"

እዚያ ሾላ ስር የሆነውን አልረሳውም። ስልኩ መሬት ላይ ወደቀ። ተሸካሚዎቹ ብድግ ብለው በየአቅጣጫው ሮጡ፤ አንዱ ጫማውን ጥሎ ነው የሄደው። ሼህ አህመድ ጮክ ብለው ሰይጣን የሚያርቀውን አየተል ኩርሲ መቅራት ያዙ። እማማ ፋጡማ ተዘረሩ፤ ለእኔ የተረፈውን ውሃ ለእሳቸው አፈሰሱ። መሬት ላይ ያለው ስልክ ደግሞ "እሺ ልጄ፣ ቀስ ብላችሁ ኑ፣ ባጃጁ ቆሟል" እያለ ያወራል።

ከተሸካሚዎቹ ያልሮጡት ሁለቱ ወንድማማቾች ብቻ ናቸው። ሰይድ ነጠላውን ገለጠ። አየኝ። እጁን አፍንጫዬ ላይ አደረገና ትንፋሼ ሲነካው ተንበርክኮ አለቀሰ። ጋሼ ሁሴን "አፉ በይኝ" ይላሉ ደጋግመው፣ "ይቅር በይኝ ዘሀራ"።

ሰዉ አንድ በአንድ ተመለሰ። ቃሬዛው እንደገና ቁልቁል ዞረ። ሰይድ እንባውን እየጠረገ ትከሻውን አስገባና፣ ልማድ ክፉ ነው፣ "ዘሀራ፣ ጋሼ ትንሽ ይረፉና ሌላ ሰው ይተካቸው በያቸው" አለኝ።

"ራስህ ንገራቸው" አልኩት።

ያን ብቻ ነው ያልኩት። ቁጣም አልነበረበትም። ቃሬዛው ቆመ። ሰይድ በእኔ ላይ አሻግሮ ወንድሙን አየ። "ጋሼ፣ ይረፉ" አለ። "እሺ ወንድሜ" አሉ እሳቸው።

መቃብሩ ተቆፍሮ አልቆ ነበር። የተከፈተ መቃብር ባዶውን አይደፈንም ብለው የሙዝ ግንድ ቀበሩበት። ዛሬም እዚያ በኩል ሳልፍ ቆም እላለሁ።

ሆስፒታል ያየኝ ሐኪም ስለ መድኃኒቱ ሲሰማ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። "በሰው መድኃኒት ነው የተጫወትሽው። ትንሽ ብትጨምሪ ኖሮ ያ መቃብር ያገኝሽ ነበር" አለኝ። ወገቤን ራጅ አስነስቶ አየው፤ የጀርባዬ አጥንት ነርቭ ተጭኗል አለኝ። የሚድን ነው ብሎ አልዋሸኝም። ከባድ እንዳላነሳ፣ ያሳየኝን እንቅስቃሴ እንድሠራ፣ በሰዓቱ እንድተኛ ነገረኝ። "እንቅልፍም መድኃኒት ነው" ሲለኝ ከልቤ ሳቅሁ። የት ነው የሚሸጠው ልለው ነበር።

እናቴ ቤት ሰነበትኩ። ሾላው ስር የሆነውን አልነገርኳትም። ወሬ ግን እግር አለው፤ ሰማች። "ታዲያ ዝም ብለሽ ተኝተሽ ስታዳምጪ ቆየሽ?" አለችኝ። አዎ አልኳት። "አልፈርድብሽም" አለች።

ወደ ቤቴ ስመለስ መልእክተኛነቴን ተውኩ። መጀመሪያ ከብዷቸው ነበር። ምግብ ላይ ሰይድ "ዘሀራ..." ይልና ይተወዋል። አሁን ወንድማማቾቹ ይነጋገራሉ፤ ይነጋገራሉ ስላችሁ ይጣላሉ ማለቴም ነው። በውሃ ተራ ቀን ጩኸታቸው ወንዙን ይሻገራል። እኔ በሬን ዘግቼ እተኛለሁ። ጀሪካን የሚያነሱት እነሱ ናቸው። ሐኪሙ ያለውን ለሰዓዳም ነግሬያታለሁ፤ መድኃኒቷን ይዛ ሐኪም ዘንድ ሄደች።

ወገቤ አልዳነም። ዳነ ብዬ ብጽፍ ደስ ይላችሁ ነበር፤ ግን ይኸው ስጽፍ እንኳ ሁለቴ ተነስቼ ቆሜያለሁ። የማልተኛበት ሌሊትም አለ። ድንዛዜውም ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም፤ ልጄ ስታቅፈኝ አንዳንዴ ይሰማኛል፣ አንዳንዴ አይሰማኝም። የተለወጠው አንድ ነገር ነው፤ ሲያመኝ "አመመኝ" እላለሁ። ይህን የምታነቡ፣ በቤታችሁ ለሁሉም የምትናገር፣ ሁሉን የምታስታርቅ፣ "ደህና ነኝ" የምትል ሴት ካለች፣ ሳትጠራችሁ ሂዱና ጠይቋት። ስትመልስላችሁም አትመኗት፤ ደግማችሁ ጠይቋት። እኔን ያስታወሱኝ ሬሳ መስያቸው ነው።

ሰይድ ዛሬ ድረስ ጎህ ሲቀድ ቀድሞኝ ይነቃል። ለሶላት ከመውጣቱ በፊት ጎንበስ ብሎ እጁን አፍንጫዬ ስር ያደርጋል። ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል። "ዘሀራ?" ይላል ቀስ ብሎ።

"አለሁ" እለዋለሁ።

አንዳንድ ቀን ግን ነቅቼ እያለሁ ቶሎ አልመልስለትም። ትንሽ አቆየዋለሁ።